መርፌ እንዳታስነካው

አባቴ ሠረቀብርሃን ሰው ይንቃል። ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ እንጀራው ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ስምሪት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ላምበረት መናኸሪያ። ጎማው የተላጨ፣ ጭነቱ ያጋደለ፣ የሹፌሩ ዓይን የቀላ መኪና እሱ ባለበት ከበር አይወጣም። አንድ ጊዜ ወደ ደሴ የሚሄድ ሹፌር ፍሬኑ እንደማይዝ ሲነገረው «እግዚአብሔር ያውቃል ጋሼ» ቢለው፣ «ፍሬንህን እንዳላሠራኸው እሱም ያውቃል» ብሎ ተሳፋሪውን በሙሉ አስወረደ። ተሳፋሪዎቹ ሰደቡት። እነሱንም ናቃቸው።

እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ሽንቱን ሁለት ዓመት ደበቀ።

መታጠቢያ ቤት ገብቶ ረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ጠብ ጠብ ሲል እንዳልሰማው የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ይከፍታል። ከመገናኛ ኮተቤ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ ከገባ ቤታችን ድረስ አይችልም፤ ወሰን የሚባለው ሰፈር ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ወርዶ ግንብ ይፈልጋል። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብትኖር ኖሮ በሳምንቱ ትደርስበት ነበር። እኔ አብሬው ነው የምኖረው። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፣ ስሜ ሀይማኖት ይባላል፣ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቻለሁ፤ ግን ሴት ልጅ አባቷን ስለ ሽንት አትጠይቅም ብዬ ዓይኔን መለስኩ። ከሁለታችን የትኛችን የበለጠ እንደምንናቅ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ በሽንቱ ደም አየ። ያን ጊዜ ነገረኝ፤ ያውም ሸሚዝ እየተኮስኩ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳለሁ።

የወሰድኩት ሐኪም ሴት ናት፤ ዶክተር ጋዲሴ ትባላለች። የሽንት ቧንቧና የወንዶች እጢ ሐኪም ናት። በሩ ላይ ስሟን አንብበው የሚመለሱ ወንዶች እንዳሉ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ እየሳቀች ነገረችን። አባቴ ልጅቷን ገላመጣት። ሐኪሟ ብድግ ብላ «አባባ፣ ይቀመጡ» ስትለው፣

«ስሜ ሠረቀብርሃን ነው» አላት። «አባባ የምትዪኝ ክፉ ነገር ስትነግሪኝ እንዲለሰልስልኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«እሺ አቶ ሠረቀብርሃን» አለች ሳትቆጣ። «እንግዲያው ሳላለሰልስ ልንገርዎት። ጓንት አድርጌ በመቀመጫዎ በኩል በጣቴ እጢውን እዳስሰዋለሁ። ደስ አይልም። አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

«እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመት መኪና ሥር ገብቼ ስዳስስ ኖሬያለሁ» አለና ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ።

እጢው በአንድ በኩል ጠጥሯል አለች። ፒኤስኤ የሚሉት የደም ምርመራ ከልኩ በብዙ አልፎ አሥራ ስምንት ሆኖ መጣ። ቁጥሩ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም፣ ሌላም ነገር ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ በመርፌ ከእጢው ላይ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት ብላ ለሁለት ሳምንት ቀጠረችን።

በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ወሬው ከየት እንደወጣ አውቃለሁ፤ መምህራን ማረፊያ ለአንዲት ሰው ነግሬ ነበር። ሰዎች ብርቱካን እያንጠለጠሉ መጡ። አንዱ በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት በማር ብላ አለው። ሌላው «ስሙን አትጥራው፤ ስሙ ሲጠራ ይበረታል፤ ‹ያ በሽታ› በል» ብሎ መከረው፣ በሽታው እንደ ውሻ በስሙ ሲጠሩት የሚመጣ ይመስል። ሦስተኛው ከስልኩ ላይ አንድ ሰው የሚጮህበትን ቪዲዮ ከፍቶ ጆሮው ሥር ያዘለት። ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ፍርሃቱ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። ሁሉም የመጡት መፍትሔ ይዘው ነው፤ ችግሩን ለመስማት ግን ጊዜ አልነበራቸውም።

ከሁሉም በላይ የተከበረው መካሪ አቶ ለይኩን ነበር። ለይኩን የዕድራችን ሊቀመንበር ነው፤ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ከረባት የሚያስር ሰው። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው በሽታ ይዞት ሰውነቱ አልቆ ነበር። ከዚያ ዳነ፤ ወፈረም። ሐኪም ቤት ሳይረግጥ፣ በእምነቱና ከእንጦጦ ጀርባ በሚቆፈር አንድ ሥር እንደዳነ በየለቅሶው ድንኳን፣ በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ ይናገራል። ሥሩን በነፃ ነው የሚሰጠው። ገንዘብ ቢቀበል ይሻል ነበር፤ አጭበርባሪ ብለን እንገላገለው ነበር። ለይኩን የሚፈልገው ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያየው ብቻ ነው።

እኛ ሳሎን ተቀምጦ፣ እጁን አባቴ ጉልበት ላይ አሳርፎ፣ «ሠረቀ፣ የምነግርህን ስማ» አለው። «መርፌ እንዳታስነካው። ቢላም መርፌም ከነካው ይሰራጫል። የተኛ እባብ ነው፤ አትቀስቅሰው። አርባ ቀን ይህን ሥር ቀቅለህ ጠጣ። እኔን አየኸኝ አይደል?»

«አየሁህ» አለ አባቴ።

ለይኩን ሲወጣ አባቴ ሥሩን መስኮት ላይ ወረወረው። አንስቼ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ልጆችን የሙከራ ሪፖርት ሳይጽፉ የምመልስ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ሥር ድስት ሙሉ ውሃ ውስጥ ከትቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አማሰልኩ። ፈርቼ ነበር። መርፌ ያሰራጫል የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር። በብርጭቆ ሳቀርብለት ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«መጠኑስ?»

ድስቱን አየሁት።

«ለተማሪዎችሽ አዘንኩ» ብሎ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው።

ናሙናው ተወሰደ። አሥራ ሁለት ቦታ ወጉት፤ ሁለት ቀን ሽንቱ ቀይ ነበር፣ ከዚያ ጠራ። ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ ዶክተር ጋዲሴ ደብተርና እስክሪብቶ እንድይዝ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። «ካንሰር ነው» አለች። ከዚያ ጠበቀችው። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኩላሊት ሥዕል ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቤት ስንገባ ግማሹን አልሰማሁም ሲለኝ ገረመኝ፣ ምክንያቱም በየመሐሉ «እሺ» እያለ ነበር።

የጻፍኩት ይኼ ነው። በሽታው ከእጢው አልወጣም። ክፋቱ መካከለኛ ነው፤ ግሊሰን በሚሉት መለኪያ ሰባት። መርፌ ያሰራጫል የሚባለው እውነት አይደለም። የአንዳንዱ ሰው በሽታ ዝግተኛ ስለሆነ እየተመረመረ ይጠበቃል እንጂ አይነካም፤ የእሱ ግን መታከም አለበት። ወይ ቀዶ ጥገና፣ ወይ የሆርሞን መርፌና የጨረር ሕክምና። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ አንደኛው ሽንት መቆጣጠርን፣ ሌላው ጉልበትንና ወንድነትን ሊነካ ይችላል። «ዛሬ አይወስኑ» አለችው። «ሌላ ሐኪምም ያማክሩ፤ አልቀየምም።»

ሌላ ሐኪም አማከረ። ሦስት ሳምንት አሰበ። መርፌውንና ጨረሩን መረጠ። መጋቢት ላይ የመጀመሪያውን መርፌ ሆዱ ላይ ተወጋ፤ ለጨረሩ ወረፋ ያዘ።

ሁለተኛው መርፌ ሰኔ ላይ ነበር። እኔ ፈተና ስለምፈትን ብቻውን ሄደ። ሲመለስ በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ መሳቅ ጀመረ። አባቴ አይስቅም፤ ደነገጥኩ።

«ማንን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? መርፌ የሚወጋበት ክፍል በር ላይ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ጋዜጣ ይዞ።»

ለይኩን ነበር። ነርሷ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብላ ባትጠራው አባቴ አያውቀውም ነበር። ለይኩን ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደና ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ስንት ጊዜ ሲመላለስ እንደቆየ ነርሷ ራሷ ተናገረችው፤ «አቶ ለይኩን፣ አሥራ አንደኛዎ ነው አይደል?» አለችው። አሥራ አንድ መርፌ፣ በሦስት ወር አንዴ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። «የተኛ እባብ» እያለ ሰዉን ሲያስፈራራ የራሱን እባብ በየሦስት ወሩ ያስወጋ ነበር።

ተወግቶ ሲወጣ አባቴን ጥግ ይዞ ለመነው። «ሠረቀ፣ በእናትህ። ሚስቴ እንኳን አታውቅም።»

«ምን አልከው?» አልኩት።

«ተራዬ ደርሶ ነበር፤ ገባሁ።»

ለሰው መነገር አለበት፣ ስንቱ ሥሩን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ይሆናል አልኩት። አባቴ ጫማውን እየፈታ ነበር። «ዝም በይ» አለ። «የሰው ገበና ነው። ደግሞ እሱን የሚያምን ሰው ካለ የእሱ ጥፋት ነው። ጭንቅላት ተሰጥቶታል። ሞኝ ሞኝን ቢያታልል እኔ ምን አገባኝ?»

አባቴን ከማንም በላይ አከብረዋለሁ። ይህን ቃል ግን አልረሳለትም፤ እሱም ለራሱ አልረሳውም። ያን ቀን ግን እኔም ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ሰሞን፣ ገብረማርያም መጣ። ገብረማርያም ከካራ በላይ ተራራው ላይ ገብስና ድንች የሚያርስ፣ ባሕር ዛፍ የሚሸጥ ሰው ነው። አባቱ የዕድራችን አባል ነበሩ፤ እሱም ቀጠለ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በሬ የሚያህል ሰው። ያን ቀን ሚስቱ ወለተሥላሴ ደግፋው ነው በሩ ላይ የቆመው። ከዋናው መንገድ እኛ ቤት ድረስ ያለችውን አቀበት ለመውጣት አምስት ጊዜ ተቀምጧል።

«ጋሼ ሠረቀ፣ እርስዎ ያ በሽታ አለብዎት ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔም ከሚያዝያ ጀምሮ የአቶ ለይኩንን ሥር እየጠጣሁ ነው። ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ብለው ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ እሳቸው መርፌ እንዳታስነካው ስላሉኝ ተውኩት። አሁን ወገቤን ያመኛል። እሳቸው በሽታው ከአጥንት ሲወጣ ያማል፣ ጥሩ ምልክት ነው አሉኝ። እርስዎንም እንዲህ አድርጎዎታል?»

አባቴ «እግርህስ?» አለው።

«ይደነዝዘኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንቴም እምቢ አለኝ።»

አባቴን ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ኮቱን ሳይለብስ፣ በዝናብ፣ መንገድ ወጥቶ ታክሲ ይዞ መጣ። ዶክተር ጋዲሴ ከወረፋው አውጥታ አየችው። በሽታው አከርካሪው ላይ ደርሶ ነርቩን ተጭኖት ነበር። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ እግሮቹ ለዘለዓለም ይቀሩ ነበር አለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ «በሰኔ ቢመጣልኝ እኮ እዚህ ላይደርስ ይችል ነበር» አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው። በሰኔ የሆነውን አታውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

«እኔም አውቅ ነበር።»

«አንቺ ልንገር ብለሻል። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁሽ። ፍሬን የሌለው መኪና ከበር ሲወጣ አየሁ፤ ተሳፋሪዎቹን ናቅኋቸውና በሩን ከፈትኩ።» ወለተሥላሴ መጥታ እጁን ልትስም ስትል እጁን ሸሸገ።

በማግስቱ ለይኩን ቤት ሄድን። እኔን እንድከተለው አልጠየቀኝም፤ ተከተልኩት። ለይኩን ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ ይገርዝ ነበር። አባቴ የገብረማርያምን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ለይኩን መቀሱን አስቀመጠ። መጀመሪያ «እኔ አስገድጄ አላጠጣሁትም» አለ። ቀጥሎ «ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ» አለ። አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያየው ጊዜ ድምፁ ተለወጠ።

«ምን ልበል ነበር? መርፌው ምን እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ። ሰው ቢሰማ ስልብ ነው የሚለኝ። ሊቀመንበሩ ስልብ ነው። በዚህ ዕድሜዬ!»

«እኔም ያንኑ መርፌ ነው የምወጋው።»

«አንተ ሚስት የለህም።»

አባቴ ሊመታው ነው ብዬ ተጠጋሁ። አልመታውም። «ያፈርከው በመርፌው ነው» አለው፤ «ሰው አጥንቱ ሲበላ ዝም ብለህ እያየህ አላፈርክም። መስከረም በገባ በመጀመሪያው እሁድ የዕድሩ ስብሰባ አለ። ራስህ ተናገር። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ያ እሁድ የመስከረም ፀሐይ ነበር። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው በኩል ተቀመጥን። ለይኩን ከረባቱን አስሮ፣ የስብሰባውን ጉዳዮች አነበበ፤ ስለ ወንበሮች መሰባበር፣ ስለ አዲስ ድንኳን፣ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት ማርፈድ። ጨርሶ «ሌላ ጉዳይ ከሌለ» ሲል አባቴ ተነሳ።

«እኔ አለኝ፣ ክቡር ሊቀመንበር። እርስዎ የሚሉት ከሌለ።»

ለይኩን ወረቀቱን አየ። «ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ባጭሩ።»

«ባጭሩ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር አለብኝ። ‹ያ በሽታ› አይደለም ስሙ። በሦስት ወር አንዴ ሆዴ ላይ መርፌ እወጋለሁ። መርፌው ወንድነት የምትሉትን ነገር ያስተኛል። ላብ ያጠምቀኛል፤ ጡቴን ያመኛል፤ ባለፈው ሳምንት ዜና እያየሁ ዕንባዬ መጣ። ይኸው ነገርኳችሁ። ከዚህ ወዲያ ከኋላዬ የምታወሩት ከተረፋችሁ ጨምሩበት።»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ ሴቶች አሉ» ብለው አጉረመረሙ።

«እዚያ ያሉት ሴቶች ናቸው የእኛን አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩት፤ ከእኛ በፊት ያውቃሉ» አለ አባቴ። «አሁን ወንዶቹ ስሙኝ። ካንሰር ነው የተባላችሁ ዕለት ምንም አትፈርሙ፣ ምንም አትጠጡ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለማሰብ ሳምንታት ይሰጣችኋል። ለመደበቅ ግን ዓመታት አይሰጣችሁም፤ እኔ ሁለት ዓመት በድንቁርናዬ አቃጥያለሁ። ሐኪሙን፣ ከእጢው ወጥቷል ወይ? ክፋቱ ምን ያህል ነው? ባይነካስ ምን ይሆናል? ብላችሁ ጠይቁ። ስትገቡ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ የሚጽፍ ሰው። ‹ካንሰር› ከተባላችሁ በኋላ እሺ እሺ ትላላችሁ እንጂ አትሰሙም። ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥር የምትጠጡ ከሆነ ደብቃችሁ አትጠጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ወገብ ካመማችሁ፣ እግር ከደነዘዛችሁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ፤ አትደሩ። ወንድምና ወንድ ልጅ ያላችሁ፣ እነሱም ከአርባ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ ደማቸውን ያሳዩ። ጣት የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ታክሲ ውስጥ ሱሪ ማርጠብ ይብሳል፤ አውቀዋለሁ።»

«አቶ ሠረቀብርሃን» አለ ለይኩን፣ «ይህ የሕክምና ጉባኤ አይደለም። ሁሉም እንደ እምነቱ...»

«ክቡር ሊቀመንበር።» የተነሳችው ወለተሥላሴ ነበረች። ከተራራው ወርዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው። መርፌ እንዳታስነካው ብለውት ነው። እርስዎ መርፌ ሳይነካዎ ነው የዳኑት? እንደዚያ ነው የነገሩን። አሁንም እንደዚያ ነው?»

አባቴ ለይኩንን አየው። ያን ያህል ለምኖ ሰውን ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ ተናገር እያለው ነበር። ለይኩን ከረባቱን አስተካከለ።

«አዎ» አለ። «እኔ በእምነቴ ነው የዳንኩት።»

ልነሳ ነበር። ጉልበቴን ቀና አድርጌያለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። ከፊቴ ያለው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች ሴት ቀደመችኝ። ታደለች ናት፤ የለይኩን ሚስት። አልተነሳችም፤ ተቀምጣ ነው የተናገረችው።

«ለይኩን፣ የቀጠሮ ካርድህ የግራጫው ሱሪህ ኪስ ውስጥ ነው። ሳጥበው ነው ያገኘሁት፤ ሁለት ዓመት ሆነው። የሚቀጥለው መርፌህ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ነው።» ከዚያ ወደ ወለተሥላሴ ዞራ፣ «ይቅር በዪኝ እህቴ» አለች። «መጀመሪያ ለእኔ ይንገረኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ለእኔ ሳይነግረኝ ለሰው ብናገርበት ትዳሬን ያፈረስኩ መሰለኝ።»

ለይኩን ወረቀቱን አጠፈ፤ እንደገና ዘረጋ፤ እንደገና አጠፈ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወንበር እየገፋ፣ ድንኳኑን ለቅቆ ወጣ። ታደለች አልተከተለችውም። ወለተሥላሴ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብትጠይቁኝ፣ ሰፈሩ እንደ ሰፈር ነው። ሳምንት ሙሉ ለይኩንን ረገሙት፤ ያው ሥሩን በፌስታል ሲወስዱ የነበሩት ሰዎች። በሁለተኛው ሳምንት «እሱም እኮ ፈርቶ ነው» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ሌላ ወሬ መጣ። አዲስ ሊቀመንበር ተመረጠ፤ ለይኩን ሆስፒታል ቀየረ ተባለ፤ አባቴን ላለማግኘት መሆኑ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ፈሪ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቢፈራ ማን ይናገረዋል? ፍርሃቱን ከረባት አስሮበት፣ ጥበብ ነው ብሎ ለሌላው ማጠጣቱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ገብረማርያም በሕይወት አለ። አከርካሪው ላይ ጨረር ተደርጎለት እግሩ ተመለሰ፤ በከዘራ ይሄዳል። መርፌውን ይወጋል። ማረስ ግን ቀርቷል፤ ድንቹን ዘንድሮ ያወጣችው ወለተሥላሴ ናት። ዶክተር ጋዲሴ ስንት ዓመት እንደሚኖር ሲጠይቃት አልዋሸችውም፤ ሕክምናው የሚይዘው እስከያዘው ድረስ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰው ብዙ ዓመት ነው፣ ለአንዳንዱ አይደለም አለችው። አባቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ካራ ድረስ በታክሲ ሄዶ ከዚያ አቀበቱን በእግሩ ይወጣል። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ወለተሥላሴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ተራራውን ያያሉ አለችኝ።

አባቴ ጨረሩን ጥቅምትና ኅዳር ጨረሰ። ደክሞት ነበር፤ ሽንት ሲሸና ያቃጥለው ነበር፤ አሁን ቀንሶለታል። ፒኤስኤው ከአንድ በታች ወርዷል። ገና ነው፤ ይጠበቃል። ሰዎች ቤታችን ይመጣሉ፤ ሁሉም ቀን ቀን፣ ሁሉም በሰበብ። አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ታውቃለህ ወይ ይላል፤ ሌላው የልጁን የትምህርት ማስረጃ እኔ እንዳይለት ይዞ ይመጣል። አባቴ እስኪጨርሱ አይጠብቅም። «ስንት ነው ቁጥርህ?» ይላቸዋል። አንዱ «የምን ቁጥር?» ቢለው፣ «ሱሪህን ዓይኔ እያየ ጨብጠህ ቆመሃል፤ የምን ቁጥር ትለኛለህ?» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። አባቴ የዶክተር ጋዲሴን የምርመራ ቀናት በወረቀት ጽፎ ሰጠው፤ እሱ ባይሄድ ሰኞ መጥቶ ሚስቱን እንደሚጠይቅ ነገረው። አሁንም ይንቃቸዋል። ግን አንዱንም ከበሩ አይመልስም።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ የውጪ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ለይኩን ነበር፤ ከጎኑ እሱን የሚመስል ጎልማሳ ቆሟል።

«ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሕሩይ» አለ ዓይኑን ከእኔ ሸሽቶ። «አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደሙን ታይቶ ከፍ ብሏል አሉት። ሠረቀ ካለ... እንዲያናግረው ብዬ ነው።»

አባቴ ከሳሎን ሰማ። ወጥቶ ሕሩይን በእጁ ያዘው፣ «ብቻህን ነው ወይስ የሚጽፍልህ ሰው አለህ?» እያለ ይዞት ገባ። ለይኩንን ግባም ውጣም አላለውም። ለይኩን ግቢው ውስጥ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀባቸው። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርም ነበር። ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ወንበር አላወጣሁለትም።